ከተራራው በፊት ማደሪያው

እንግዲህ አድምጡኝ። ነገሩ የተጀመረው ዙሪክ፣ እህቴ ቤት፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ነው።

ካርታው ከረከቦቱ አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ከበነዋል። የእህቴ ባል ጣቱን ኢንተርላከን ላይ ተክሎ፣ «መኪና አለን፣ ኪራዩም እዚህ ይሻላል» ይላል። እህቴ ላውተርብሩነን ካልሆነ ብላለች፤ ፏፏቴው በመስኮት እንዲታያት ትፈልጋለች። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃቸው ግሪንደልቫልድን መርጧል። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ፎቶዋን ሳይ የከረምኩባትን ሙረንን ይዤ አልለቅም ብያለሁ። አራቱም ያሉት እዚያው የስዊዘርላንድ አልፕስ ውስጥ፣ በዩንግፍራው ተራራ አካባቢ ነው፤ ካርታው ላይ በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ።

እናቴ ስኒዋን ይዛ ስትሰማን ቆየች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ግራ ጉልበቷ ቁልቁለት ላይ ያማታል። ቀና ብላ፣ «ተራራውን አየነው እንበል፤ ሲመሽ የምንገባው የት ነው?» አለች።

ሁላችንም ዝም አልን። ለምን እንደጠየቀች እናውቃለና።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትመጣ ወደ ሌላ የተራራ መንደር ወስደናት ነበር። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም በበረንዳው ነው። ቀይ አበባ የተደረደረበት የእንጨት በረንዳ፣ ከፊቱ በረዶ የለበሰ ጫፍ። ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ተብሎ ነበር። አሥሩ ደቂቃ ግን አቀበት ነበር፤ ለእናቴ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አንዴ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አልወረደችም። እኛ በየተራራው ውለን ማታ ስንመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እናገኛታለን። «ደህና ዋላችሁ?» ትለናለች እንጂ አንድ ቀን አላማረረችም። አለማማረሯ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቋንቋችን መዋያንና ማደሪያን ለይቶ ያውቃል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ቀኑን በመንገድ ይውላል፤ ከመምሸቱ በፊት ግን ለሰውም ለበቅሎም ውኃና ሣር ያለበትን፣ ጅብና ሽፍታ የማያሰጋውን ሰፈር ይመርጥ ነበር። የተራራ ዕረፍትም ያው ነው። ቀኑን የምትውሉበት ከፍታ በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ ማታ የምትገቡበት መንደር ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነው። እኔ የአገሩን መዋያ ሁሉ በቃሌ እያወቅሁ ስለ ማደሪያው አንድም ነገር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ በአንድ የሰኔ ቅዳሜ፣ እኔና እናቴ ብቻችንን አገሩን ልንቃኝ በጠዋት ተነሣን።

ከዙሪክ ኢንተርላከን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ኢንተርላከን በቱንና በብሪየንዝ ሐይቆች መካከል የተኛች ሜዳማ ከተማ ናት። ሱቁም ሆቴሉም ሞልቷል። ነገር ግን ተራራው ከሩቅ ነው፤ በየቀኑ ወጥቶ በየቀኑ መመለስ አለ። ለአንድ ሌሊት ጥሩ፣ ለሳምንት ግን አይሆንም ብዬ አለፍኳት።

ከዚያ የሚነሣው ትንሽ ባቡር ጠባይ አለው፤ ይህን ልብ በሉ። ትስቫይሉቺነን በምትባል ጣቢያ ባቡሩ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ፉርጎ ወደ ግራ ግሪንደልቫልድ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ላውተርብሩነን ይሄዳል። ፉርጎው ላይ ተጽፏል፤ እኛ ግን ሳናነብ ገብተን ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ አሮጊት ትኬታችንን አይተው በእጃቸው ወደ ኋላ አመለከቱን። እናቴ ቋንቋቸውን ሳትሰማ ተረድታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጎንበስ አለችላቸው፤ ሴትዮዋም ጎንበስ አሉ።

ላውተርብሩነን ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እህቴ እውነቷን ነው፤ እንዲህ ያለ ሸለቆ አይቼ አላውቅም። የጥንት የበረዶ ግግር እንደ ገበቴ ፈልፍሎት የሄደ ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ። ሰባ ሁለት ፏፏቴ አለበት ይባላል። ዝነኛው ሽታውብባኽ ወደ 300 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ይወረወርና ነፋስ እየበተነው መሬት ሳይደርስ ጭጋግ ይሆናል። ስሙም «የአቧራ ጅረት» እንደማለት ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1779 እዚህ ቆሞ ግጥም ጽፎለታል። ከመንደሩ ትንሽ አለፍ ሲሉ ደግሞ ትሩመልባኽ አለ፤ ከአይገር፣ ከሞንሽና ከዩንግፍራው ግግር የሚቀልጠው ውኃ ተራራውን ከውስጥ ቦርቡሮ በአሥር ፏፏቴ ይወርዳል። በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ይደርሳል። ድምፁ በድንጋዩ በኩል እግር ውስጥ ይሰማል።

እኔ ሽቅብ ሳይ እናቴ ቁልቁል ታያለች። ጎንበስ ብላ ሣሩን ዳሰሰች። «ጤዛው አልረገፈም» አለች። «ፀሐይ እዚህ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው?»

ግድግዳው ጠዋትም ማታም ፀሐዩን ይቆርጠዋል። ይህን ከፎቶ ማንም አያውቀውም፤ ፎቶ የሚነሣው በቀትር ነውና። ላውተርብሩነን ሰፈር ቢሆን ብዙ ያገለግላል፤ ወደ ቬንገን የሚወጣው ባቡር፣ ወደ ሙረን የሚያደርሰው ኬብል ካር፣ ወደ ሸለቆው ጫፍ የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉም ከዚያ ይነሣሉ። መኪናም ይገባል። ድንኳን ተክለው፣ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ኮከብ ሲወጣ ለሚመለሱ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ቤት አካባቢ ለሚውል ሰው ግን ጥላው ይከብዳል። በቀትር ደግሞ አንዷ መንገድ ለቀን በመጣ እንግዳ ትጨናነቃለች፤ ያን ቅዳሜ እናቴን በክርኔ እየከለልኩ ነው ያሳለፍኳት።

ከዚያ ወደ ሙረኔ ወጣን።

መጀመሪያ ኬብል ካሩ ግሩችአልፕ ያደርሳል፤ እዚያ ወርዶ ሌላ ትንሽ ባቡር መሳፈር ነው። ይህ መስመር ከ1891 ጀምሮ በገደሉ አፋፍ ላይ ይመላለሳል። ሙረን በ1,638 ሜትር ላይ፣ ከገደሉ ትከሻ ላይ የተቀመጠች፣ መኪና የማይደርስባት መንደር ናት። ከፊቷ ምንም የለም፤ ሸለቆው ተሰንጥቆ ወዲያ ማዶ ሦስቱ ተራሮች ቆመዋል። አይገር 3,967፣ ሞንሽ 4,110፣ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር። ዩንግፍራው ልጃገረድ፣ ሞንሽ መነኩሴ ማለት ነው። በአገሬው ጨዋታ አይገር ጭራቅ ነው፤ መነኩሴው መሃል ገብቶ ልጃገረዷን ይጠብቅላታል። ይህን ስነግራት እናቴ አማተበች፤ ዓይኗን ከመነኩሴው ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

እኔም በልቤ እዚህ ነው፣ እዚህ ነው እያልኩ ነበር። አርኖልድ ለን የተባለው እንግሊዛዊ በ1922 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የስላሎም የበረዶ መንሸራተት ውድድር ያሰናዳው እዚህ ነው። ከበላይዋ ሺልትሆርን የሚባለው ጫፍ ላይ የሚሽከረከረውን ምግብ ቤት የ1969ኙ የጄምስ ቦንድ ፊልም ለዓለም አሳይቶታል። ዝቅ ብሎ ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ብቻ የሚኖርባት ጊመልቫልድ አለች፤ ድርቆሽና ላም፣ ዝምታና የእንጨት ቤት። ለሁለት ጎልማሶች፣ ለሚያነብ፣ ለሚጽፍ፣ ለሚጸልይ ሰው ሙረንን ዛሬም አስቀድማለሁ።

እናቴ በጣቷ ትቆጥራለች። «በኬብሉ ወጣን፣ ወረድን። በባቡሩ ገባን፣ ወረድን። ስንመለስ እንደገና። ልጆቹ ሮጠው ይገባሉ፤ እኔን ግን በየጊዜው አንዳችሁ እጄን መያዝ አለባችሁ።» ዝም አልኩ። «ቦታው ገነት ነው» አለችኝ፤ አንገቴን ስደፋ አይታ።

ግሪንደልቫልድን ያን ቀን አላየናትም፤ ቀድሞ አውቃታለሁ። በ1,034 ሜትር ላይ፣ ልክ በአይገር እግር ሥር ያለች ሰፊ መንደር ናት። መኪና በር ድረስ ይገባል፣ ለልጅ የሚሆን ጨዋታ ሞልቷል። በ2020 የተከፈተው ትልቁ ኬብል ካር በ15 ደቂቃ አይገር ግግር ጣቢያ ያደርሳል። መኪና ይዞ ልጆች አስከትሎ ለሚመጣ ትመቻለች። ግን ዋና መንገዷ ከተማ ሆኗል፤ እናቴ ከመኪና ጋር እየተጋፋች እንድትራመድ አልፈለግሁም።

ወደ ላውተርብሩነን ወርደን የቬንገኑን ባቡር ያዝን። ባለ ጥርስ ባቡር ነው፤ በሐዲዱ መሃል ጥርስ ያለው ብረት አለ፣ የባቡሩ ጥርሳም መንኮራኩር ያን እየነከሰ አቀበቱን ይወጣል። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በዓመቱ፣ በ1894፣ ዐፄ ምኒልክ ለአገራችን የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት ለአንድ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ፣ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት የመቀመጫውን እንጨት በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ልክ የዘመድ ትከሻ እንደምትመታ።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ቬንገን ደረስን። 1,274 ሜትር። ከባቡሩ ወረድን። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሰማነው የላም ቃጭል ብቻ ነው።

ይህችም መኪና የማይደርስባት መንደር ናት፤ መኪና ያለው ሰው ላውተርብሩነን አቁሞ ይወጣል። ሻንጣ የሚያመላልሱት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ናቸው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ገደማ ኮፕ የሚባለው የምግብ መደብር አለ። ዋናው መንገድ ሜዳ ነው። ወደ ሜንሊሸን ተራራ የሚያወጣው ኬብል ካርም እዚያው መንደሩ መሃል ነው። እናቴ እጄን ለቃ ብቻዋን ከፊቴ ሄደች። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሳ ተመለሰች፤ ከዚያ ሸለቆውን የምታይ አግዳሚ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ከሥራችን የላውተርብሩነን ወለል ግማሹ ጥላ ውስጥ ገብቷል። እኛ ፀሐይ ላይ ነን። ማዶ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሙረን ትታየኛለች።

«እዚህ ነው» አለች እናቴ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ያንተም መንደር ይታያል እኮ» አለችኝ።

ቤት ስፈልግ በረንዳውን አላየሁም። ለአከራዮቹ የጻፍኩት ሌላ ጥያቄ ነው። ከጣቢያው እስከ በራችሁ ያለው መንገድ ሜዳ ነው ወይስ አቀበት? በሩ ላይ ስንት ደረጃ አለ? መኝታው ከመታጠቢያው ጋር በአንድ ወለል ነው? ወጥ ቤቱስ ሙሉ ነው? ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ አይብና ሥጋ በሞላበት አገር ሽሮና ምስሯን ራሷ የምትሠራበት ምድጃ ካልተገኘ ለእናቴ ዕረፍት አይሆንም። ሁለቱ አልመለሱልኝም። ሦስተኛዋ ከጣቢያው እስከ ቤቷ እየተራመደች በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝ። ስድስት ደቂቃ፣ አንድም አቀበት የለበትም። በረንዳው ትንሽ ነው፣ አበባም የለውም። ኪራዩ ከሸለቆው ይወደዳል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሩዙን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን ኢንተርላከን ገዝተን በመውጣት ጥቂት አካካስነው፤ የእህቴም ባል የግማሽ ዋጋ ካርዱን ለሁላችን አወጣልን።

ደግሞ ጊዜውን ጠይቁ። በኅዳር ወይም በፀደይ ብትሄዱ ብዙዎቹ ኬብል ካሮች ለጥገና ተዘግተው ታገኟቸዋላችሁ። መንደሩ አለ፤ መውጫው ግን የለም። እኛ የመጣነው በሐምሌ መጨረሻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጉም ዋለ። ዩንግፍራው ከነመኖሯ ጠፋች። የእህቴ ባል፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ምንም ሳናሳይዎት» ይላል። እሷ ደስ ብሏታል። ቡና ቆላች፤ ጢሱ የጣሪያውን የማስጠንቀቂያ ደወል እንዳያስጮኸው መስኮቱን ከፍተን፣ ልጁ በጋዜጣ እያራገበ። መጠለያው ከተመቸ ዝናብ ቀን አያበላሽም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ተራራው ላይ የተተከሉትን ካሜራዎች በስልክ አየን፤ ይህን ሳያዩ ትኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ጫፎቹ ጥርት ብለዋል። ከቁርስ ተነሥተን በኬብሉ በአምስት ደቂቃ ሜንሊሸን ወጣን። ከዚያ እስከ ክላይነ ሻይዴክ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፣ አብዛኛው በዝግታ ዝቅ ይላል፤ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ሦስት ሰዓት ሄደች። አበባ ባየች ቁጥር ትቆማለች። ክላይነ ሻይዴክ 2,061 ሜትር መሆኑን ልጁ ሲነግራት ሳቀች። «ታዲያ ከቤቴ ዝቅ ያለ ነዋ!» እውነቷን ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። የቬንገን ከፍታ በእኛ አገር ቆላ ይባላል። ሙዝ የሚበቅልበት ከፍታ እዚህ በክረምት በረዶ ይለብሳል፤ ልጁ ይህን ሰምቶ እስኪመሽ ስለ ደጋና ቆላ ሲጠይቃት ዋለ።

ከፊታችን የአይገር ሰሜናዊ ግድግዳ ቆሟል። ጥቁር፣ 1,800 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ። በሐምሌ 1936 አራት ወጣቶች ሊወጡት ሞክረው አራቱም አለቁ። የመጨረሻው ቶኒ ኩርትስ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አዳኞቹ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ነው የሞተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄክማይር፣ ፎርግ፣ ሃረርና ካስፓሬክ ወጡት። እናቴ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ቀይሬ እንድነግራት ጠየቀች። 1928 ስላት ቀና አለች፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ እዚሁ አገር፣ ጄኔቭ ላይ፣ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉበት ቀን ነው። አባቷ ይነግሯት ነበር። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የሚለያየው። «ነፍስ ይማር» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የእህቴ ባልና ልጁ እስከ ዩንግፍራውዮኽ ሄዱ። በ1912 በተከፈተው፣ የአይገርንና የሞንሽን ሆድ ሰርስሮ 3,454 ሜትር ላይ በሚደርሰው ባቡር። እኛ ወደ ቤት ወረድን።

አሁን የምነግራችሁ ግን የአምስተኛውን ቀን ነው። ሁላችንም በየፊናችን ወጥተን ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ በሩን ስከፍት ቤቱ ባዶ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። ልቤ ወረደ። ስልኳ አይነሣም። ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ባቡሩ ከታች ገባ፤ በሩ ተከፈተ፤ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በግራ እጇ ምርኩዟን፣ በቀኟ የዳቦ ከረጢት ይዛ ወረደች።

ብቻዋን ላውተርብሩነን ወርዳ ነበር። ትኬቷን ለሠራተኛው አሳይታ፣ ፏፏቴው ሥር ቆማ፣ ፊቷን በጭጋጉ ታጥባ መጣች። «ምን ያስደነግጥሃል?» አለችኝ። «አንድ ባቡር አይደል? ይወርዳል፣ ይወጣል።» ነጠላዋ ጫፉ ርሷል። ከረጢቱን ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም፤ ስድስቱን ደቂቃ ከፊቴ እየቀደመች ቤት ገባች።

ኦገስት 1 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ በዓል ነው። ሲመሽ በየከፍታው እሳት ይለኮሳል። እራት በልተን ስንወጣ እናቴ ቀድማ ያችን አግዳሚ ወንበር ይዛልናለች፤ ጋቢዋን ዘርግታ ለአምስታችንም ቦታ አበጅታለች። ሸለቆው ጨልሟል፤ ከላይ ግን አንድ በአንድ እሳቱ በራ፣ በገደሉ አፋፍ፣ በመስኩ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ። «ቡሄ ሊደርስ ነው እኮ» አለች። ልጁ ሆያ ሆዬን ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ምርኩዟን መሬት ላይ እየመታች አሳየችው።

ማዶ፣ ገደሉ ላይ፣ የሙረን መብራት ይታያል። እናቴ በምርኩዟ አመለከተችኝ።

«ነገ ጉልበቴ ደህና ነው። ያንተ መንደር ውለን እንምጣ።»